ሻጩ በአፉ ያለው ውሉ ላይ አለ?

ጥያቄ፦ ያገለገለ አልቶ ሳክስፎን ገዛሁ። ሻጩ «ሰልመር የተባለው ኩባንያ የሠራው ማርክ 6 ነው፤ አንገቱም (ከላይ የሚገጠመው ጎባጣ ቱቦ) ቀለሙም ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ብሎኝ ነበር። ውል ተፈራርመን ከፈልኩ። ጠጋኝ ጋ ስወስደው ግን አንገቱ የሌላ ነው፣ ቀለሙም እንደገና የተቀባ ነው አለኝ። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ዕድል አለዎት። ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ደብቆ ከሸጠ፣ ውሉ እንዲፈርስ ወይም ዋጋው እንዲቀነስ መጠየቅ በብዙ አገር ሕግ ይቻላል። ማስረዳቱ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው። የጊዜ ገደቡም አጭር ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ አይበሉ።

አሁን ወደ ዘለሉት ነገር ልምጣ። «ውል ተፈራርመን» ብለው አለፉ። ውሉ ምን ይላል? ደንበኞች የሚያመጡልኝ ወረቀት ብዙ ጊዜ «አንድ ያገለገለ ሳክስፎን፤ ገዢ አይቶና ወዶ ባለበት ሁኔታ ተረክቧል» የሚል ነው። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የከፈሉት ለማርክ 6 ነው፤ የፈረሙት ግን ለየትኛውም ሳክስፎን ነው። ዋጋውን ያስወደደው ነገር ሁሉ በአፍ ቀርቷል። ሻጩ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ቢል ምን ይዘው ይሟገታሉ?

ማርክ 6 እ.ኤ.አ. በ1954 ገበያ ላይ የዋለ፣ ዛሬም በጣም የሚፈለግ ሞዴል ነው። በስሙ ብቻ ዋጋ የሚቆለለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ሲገዙ ስሙ ውሉ ላይ ይግባ። ገላው ላይ የተመታው መለያ ቁጥር ይጻፍ። አንገቱ ላይ ቁጥር ካለ፣ ከገላው ጋር አንድ መሆኑ ይጻፍ። ቀለሙ አለመታደሱም እንዲሁ። ከመፈረምዎ በፊት ወረቀቱን ይዘው ቁጥሩን እያንዳንዱን አሃዝ ከመሣሪያው ጋር ያመሳክሩ። እውነቱን የሚናገር ሻጭ ይህን መጻፍ አይከብደውም። «እመነኝ፣ መጻፍ ምን ያደርጋል» ካለ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

ለአሁኑ ጠጋኙ ምንም እንዳይነካው። አንዴ ከተፈታና ከተወለወለ ማስረጃዎ ጠፋ ማለት ነው። ያየውን በጽሑፍ አድርጎ ይፈርምልዎ፤ ለምሳሌ ገላው ላይ ያለው ቅርጻ ቅርጽ እንደገና ሲቀባ ከመወልወል ብዛት መደብዘዙን። ፎቶ ያንሱ። የሽያጭ ማስታወቂያውን፣ የተላላካችሁትን መልእክትና የባንክ ደረሰኙን አንዱንም አያጥፉ። ለሻጩ ጉድለቱን በጽሑፍ ያሳውቁት፤ ስልክ ላይ መጨቃጨቁ አይጠቅምዎትም።

ከዚያ ውሉንና ሰነዶቹን ይዘው በአቅራቢያዎ ያለ ጠበቃ ያማክሩ። እኔ ውሉን ሳላይ ከዚህ በላይ ልል አልችልም። ሻጩ «ትንሽ ብር ልመልስና እንጨርስ» ካለዎትም ጠበቃው ሳያየው አይፈርሙ። ያ ፊርማ ቀሪውን መብትዎን ሊዘጋው ይችላል።