ቢጫዋ መብራት ስትበራ፦ ስለ አሮጌ ፒክአፕ ኤቢኤስ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ፍሬን ሸራ ከጻፍኩ ወዲህ የመጡልኝ ጥያቄዎች በብዛት ስለ ኤቢኤስ ሴንሰር ናቸው። ኤቢኤስ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት ነው፤ ሴንሰሩ ደግሞ የጎማውን አዟዟር ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ደግሞ የአሮጌ ፒክአፕ ባለቤቶች ናቸው።

ከጅማ፣ አንድ አባት፦ ዝናብ ሲዘንብ ወይም መኪናዬ ሲታጠብ የኤቢኤስ መብራት ይበራል። ሲደርቅ ይጠፋል። ሴንሰር ልግዛ?

ገና አይግዙ። ውሃ ሲነካው የሚበራ መብራት አብዛኛውን ጊዜ የሽቦ ወይም የሶኬት ጣጣ ነው። የፊት ጎማ ሽቦ መሪው በዞረ ቁጥር አብሮ ይታጠፋል። ዓመታት ሲያልፉ ላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ያለው መዳብም አረንጓዴ ይለብሳል። ጎማው ይውጣና ሽቦው ከሴንሰሩ እስከ ሶኬቱ በጣት ይዳሰስ። ስንጥቅ ከተገኘ በፕላስተር ጠቅልሎ መተው አይበቃም፤ ተበይዶ ውሃ እንዳያስገባ ይታሸግ። ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ይጨርሰዋል።

አንዱ ሲበላሽ አራቱም ሴንሰር ይቀየራል ወይ?

አይቀየርም። በኮምፒውተር ይነበብና የተበላሸው ብቻ ይቀየራል።

ከኦሃዮ፣ አሜሪካ፦ የ2001 ሲልቬራዶ ፒክአፕ አለኝ። ልቆም ስል ፔዳሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ መኪናው ወደፊት ይሄድብኛል። መብራት ግን አይበራም።

ይሄን ችላ እንዳትለው። በዚህ መኪና ላይ ሴንሰሩ ማግኔት ያለው ጥቅል ሽቦ ነው፤ ከፊቱ ጥርስ ያለው ቀለበት ይዞራል። በክረምት መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ሴንሰሩ የተቀመጠበትን ብረት ያዝገዋል። ዝገቱ ያብጥና ሴንሰሩን ከቀለበቱ ያርቀዋል። ፍጥነት ሲቀንስ ድሮም ደካማ የሆነው ምልክት ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ጎማው የተቆለፈ ይመስለውና ፍሬኑን ይለቅብሃል። የሲልቬራዶ አምራች ጂኤም በ2005 ወደ 800,000 የሚሆኑ የ1999–2002 ፒክአፖችንና ትልልቅ መኪኖችን ለዚሁ ችግር ጨው በሚበዛባቸው ግዛቶች ለጥገና ጠርቷል። የሻንሲ ቁጥርህን ይዘህ የኩባንያው ወኪል ጋ ጠይቅ፤ ያንተ ተሠርቶ እንደሆነ ይነግሩሃል። ተሠርቶም ቢሆን ዝገቱ ሊመለስ ስለሚችል ሴንሰሩ ወጥቶ ቦታው ይታይ። እስከዚያ ከፊትህ ካለው መኪና በደንብ ራቅ።

ከደብረ ብርሃን፣ የፒክአፕ ሹፌር፦ መካኒኩ «የኤቢኤሷን አምፖል ላውጣልህና ተገላገል» አለኝ። በሳምንት ሦስቴ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና እወርዳለሁ። ምን ትለኛለህ?

በፍጹም እንዳታስወጣ! ይሄን ምክር ስንት ሰው እንደተቀበለ ሳስብ እናደዳለሁ።

ቢጫዋ የኤቢኤስ መብራት ብቻዋን ከበራች ኤቢኤሱ አይሠራም እንጂ መደበኛው ፍሬን አለ። ቀስ ብለህ ጋራዥ መድረስ ትችላለህ። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን ቁም። የእጅ ፍሬኑን እይ፣ የፍሬን ዘይቱን እይ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ በብዙ መኪኖች ላይ የኋላውን የፍሬን ኃይል የሚመጥነው ሥርዓትም ቆሟል ማለት ነው። ፒክአፕ ላይ ይሄ ክፉ ነው። ባዶውን ሲሆን ኋላው ቀላል ነው። ድንገት ፍሬን ስትይዝ የኋላ ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል፣ ጅራቱም ይዞራል። ፎርድ ከ1987 ጀምሮ ኤፍ-150 ላይ ኤቢኤስ የገጠመው ለኋላ ጎማዎች ብቻ ነበር። አደጋው የት እንዳለ ገብቷቸዋል።

አንድ ጊዜ ወንድሜ ሊገዛ ያሰበውን ፒክአፕ አብሬው አየሁ። ቁልፉን ስናዞር ሁሉም መብራት በራ፣ የኤቢኤሱ ቦታ ግን ጨለማ ነው። ዳሽቦርዱ ሲፈታ መብራቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎባታል። የፊት ግራ ሴንሰሩን አወጣነው። ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ እንደ ጺም ተንጠልጥሏል። በጨርቅ ጠርገን መልሰን ገጠምነውና ትንሽ ነዳነው። መብራቷ ጠፋች። የሻጩ ሰው ያቺን ፕላስተር ከመለጠፍ ይልቅ ጨርቅ ቢያነሳ ኖሮ አልቆ ነበር።

ስለዚህ አሮጌ ፒክአፕ የምትገዙ ሁሉ፣ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን አዙሩ። የኤቢኤስ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች አምፖሉ ወጥቶ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ሳይጣራ ብር አትክፈሉ።

አንተ የደብረ ብርሃኑ ሹፌር ደግሞ ከሚቀጥለው ጉዞህ በፊት አስነብበው። ነገ አትበል። እስኪሠራ ድረስ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ ማለትም በዝቅተኛው፣ ውረድ።

የጎማ ኩሽኔታ ካስቀየርኩ ማግስት መብራቱ በራ።

አንዳንድ መኪና ላይ ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔት ኩሽኔታው አንድ ጎን ላይ ነው። ተገልብጦ ከገባ ሴንሰሩ ምንም አያነብም። የገጠመልህ ሰው ጋ መልሰው።

ጠጠር መንገድ ላይ ኤቢኤስ መኪናን አያቆምም ይባላል። ፊውዙን ብነቅለውስ?

ልቅ ጠጠር ላይ መቆሚያ ርቀቱ ይረዝማል፣ እውነት ነው። ግን ፍሬን ይዘህ መሪ ማዞር የምትችለው በኤቢኤሱ ነው። ልጅ ድንገት መንገድ ቢገባብህ የምትፈልገው መሪውን ነው። ፊውዙን ተወውና ፍጥነትህን ቀንስ።