ከዓሣ ኩሬ ስንት ኪሎ ቆሻሻ ይወጣል? ጥያቄና መልስ

የዓሣ እርባታ እየተስፋፋ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ስንት ዓሣ እንደወጣ እንጂ ውሃው ውስጥ ስንት ቆሻሻ እንደቀረ የሚያሰላው ሰው ጥቂት ነው። ይሄ ያሳስበኛል። በዓሣ መኖ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ የጠየቃችሁኝን በየተራ ልመልስ።

ጋሼ፣ ባሕር ዳር አቅራቢያ ኩሬ ቆፍሬ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ማርባት ጀምሬያለሁ። ላቦራቶሪ የለኝም። ቆሻሻውን እንዴት ልገምት?

የመኖ ደረሰኝህና ሚዛንህ ይበቁሃል። መኖው ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወይ የዓሣው አካል ይሆናል፣ ወይ ቆሻሻ ሆኖ ኩሬው ውስጥ ይቀራል።

እናስላው። 10 ኩንታል ቆሮሶ ለማውጣት 15 ኩንታል መኖ ሰጠህ እንበል። መኖው 30 በመቶ ፕሮቲን ካለው 450 ኪሎ ፕሮቲን ነው። ይህን ለ6.25 (ፕሮቲንን ወደ ናይትሮጅን መቀየሪያው ቁጥር ነው) ስታካፍለው ናይትሮጅኑን ታገኛለህ፤ 72 ኪሎ። ከቆሮሶ ክብደት ውስጥ 2.4 በመቶ ገደማው ናይትሮጅን ስለሆነ ዓሣው ይዞት የወጣው 24 ኪሎ ነው። 48ቱ ኪሎ ቀረ።

አሁን ያው 10 ኩንታል ዓሣ 20 ኩንታል መኖ ቢፈጅስ? የገባው ናይትሮጅን 96 ኪሎ፣ የወጣው ያው 24፣ የቀረው 72። መኖው በሲሶ ሲጨምር ቆሻሻው በግማሽ ጨመረ! ለዚህ ነው አንድ ኪሎ ዓሣ ስንት ኪሎ መኖ እንደፈጀ ሁልጊዜ መዝግቡ የምለው።

ፎስፈረስም በዚሁ መንገድ ይሰላል። መኖው 1.1 በመቶ፣ ዓሣው 0.8 በመቶ ገደማ ብለህ ብትይዝ፣ በ15 ኩንታል መኖ 8.5 ኪሎ ይቀራል።

ሁለት ነገር እንዳትረሳ። መጀመሪያ የጨመርካቸውን ጫጩቶች ክብደት ከምርቱ ላይ ቀንስ። የሞተ ዓሣም መዝን። አውጥተህ ከቀበርከው ከኩሬው ወጥቷል፤ እዚያው ከበሰበሰ ግን የበላው ሁሉ ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው።

እኔ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ መለካት አይሻልም?

የውሃው ልኬት ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን ያሳስታል። በሰከንድ 10 ሊትር የሚፈስበት እርባታ በቀን 864,000 ሊትር ያወጣል። ልኬትዎ በሊትር 0.1 ሚሊግራም ብቻ ቢሳሳት በዓመት ከ31 ኪሎ በላይ ልዩነት ያመጣል። ቅድም ያሰላነው ጠቅላላ ብክነት እኮ 48 ኪሎ ነው! በዚያ ላይ ናሙናው ከመመገቢያ በፊት ወይም በኋላ ሲወሰድ ውጤቱ ይለያያል። የኩሬ ውሃ ሲለቀቅና ኩሬው ሲጸዳ የሚወጣውን ደግሞ በወር አንድ ቀን የሚመጣ ናሙና ቀጂ አያገኘውም። ዴንማርክ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ትራውት የተባለው ዓሣ ለሚረባበት ለእያንዳንዱ እርባታ የመኖ ኮታ መመደቧ ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎም መጀመሪያ የመኖ መዝገቡን ይጠይቁ፤ ውሃውን ግምቱን ለማረጋገጥ ይጠቀሙበት።

መኖ የምንሠራው ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ነው። የተፈጥሮ ስለሆነ ብክለቱ አይቀንስም?

እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። እህልና ፋጉሎ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል መልክ የታሰረ ነው። ዓሣ እሱን የሚፈታ በቂ ኢንዛይም ስለሌለው በኩስ መልክ ያስወጣዋል። ፉርሽካ አሰር ስለሚበዛበት ኩሱም ይበዛል። አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም፤ ከውጭ የሚገባ መኖ ስንቱ ይችለዋል? ግን ፉርሽካውን መጥኑ። ፋይታዝ የተባለው ኢንዛይም ከተገኘ ጨምሩበት። ፕሮቲኑንም በግምት አትያዙት፤ ድብልቁን አንድ ጊዜ አስመርምሩና ስሌቱን በዚያ ሥሩ።

ሐይቅ ላይ በኬጅ ማርባትስ?

እዚህ ጋ ጠንቀቅ እላለሁ። በኩሬ ሲሆን ጭቃው ፎስፈረሱን ይይዛል፣ የናይትሮጅኑም ከፊል ወደ አየር ይሄዳል። ስለዚህ በስሌት ያገኘነው ሁሉ ወደ ወንዝ አይወርድም። ኬጅ ግን የመረብ ቤት ነው፤ ኩሱም የተረፈውም መኖ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል። ፎስፈረሱ በአብዛኛው ከደረቁ ኩስ ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው በስንጥቡ (ዓሣው በሚተነፍስበት) በኩል አሞኒያ ሆኖ ይሟሟል። ዝቃጩ ሥር ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል።

በፊሊፒንስ ታአል ሐይቅ በግንቦት 2011 (እ.ኤ.አ.) ከሺህ ቶን በላይ ዓሣ አለቀ። ኬጁ ተጨናንቆ፣ መኖው በዝቶ ነበር። የአየሩ ሁኔታ ሲለወጥ ኦክስጅን ያጣው የሥር ውሃ ከላይኛው ተቀላቀለ። የቢሾፍቱዎቹ ባቦጋያና ሆራም ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ናቸው፤ በብርዱ ወራት ውሃቸው ይገላበጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ የኬጁ ቁጥር ከመወሰኑ በፊት ሐይቁ በዓመት ስንት ኪሎ ፎስፈረስ እንደሚችል ይሰላ። ፈቃድ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ጣና ላይ እምቦጭ የመጣው ከዓሣ እርባታ ነው?

አይደለም። ጣና ላይ ዓሣ በዋናነት ይጠመዳል እንጂ በእርባታ አይመረትም። እምቦጩን የሚመግበው ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚወርደው ፍሳሽ ነው።

የኩሬውን ውሃ አትክልት ላጠጣበት?

አዎ፣ ደግ አድርገሽ። በተለይ የኩሬው ውሃ ሲለቀቅ መጨረሻ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ደለል ይዞ ስለሚሄድ ወደ ወንዝ አትልቀቂው። ወደ ጎመኑና ወደ ሙዙ መልሺው።

መኖ እየባከነ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የሚንሳፈፍ መኖ ከሆነ ቆመህ ተመልከት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ውሃው ላይ ከቀረ አብዝተሃል። የሚሰምጥ ከሆነ ጥቂቱን በትሪ ላይ አድርገህ በገመድ አውርድና ቆይተህ አውጣው። ደመና በሆነበት ቀን ወይም ንጋት ላይ ዓሣው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ካየህ ኦክስጅን አንሷል፤ ያን ቀን ጭራሽ አትመግብ።