አዲስ አበባ ልሂድ ወይስ ድሬ ዳዋ ልቅር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በጋዜጠኝነት እመረቃለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬ ዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ አካባቢ ነው። ጎርፍ፣ ድርቅ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ ለሕዝቡ የሚደርስ ጋዜጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን «ስም የሚገኘው አዲስ አበባ ነው» ይሉኛል። እናቴም «በሬዲዮ ደመወዝ ቤት አይቆምም» ትላለች። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ልጁን ባጣ ሰው ፊት ማይክሮፎን መደቀን ያሳፍረኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ድሬ ዳዋ ቅሪ። እናትሽ ስለ ደመወዙ አልተሳሳቱም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ጓደኞችሽ ግን የምትፈልጊውን ሥራ ከሌላ ሥራ ጋር አምታተውታል። አደጋ በደረሰ ማግስት ከዋና ከተማ የሚመጣው ቡድን የሟቾችን ቁጥር ጠይቆ፣ የፈረሰውን ቤት ቀርጾ፣ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ለአገር ያሳውቃልና አልንቀውም። መጋላ ሰፈር ያለችው እናት የምትፈልገው ግን ሌላ ነው፦ ድልድዩ ያሳልፋል? የውኃ ቦቴው የት ቆሟል? ልጄ የሄደበት ትምህርት ቤት ተዘግቷል? ይህን ሊነግራት የሚችለው መንደሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

የተወለድሽበትን ወንዝ ጠባይ አስቢው። ድሬ ዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያሉት የሐረርጌ ደጋዎች ከ2,000 ሜትር ይዘልቃሉ። ዝናቡ እዚያ ይጥላል፣ ውኃው እዚህ ይደርሳል። ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ፣ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ እየተጫወቱ፣ ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ጎርፉ የመጣው ሰው በተኛበት በሌሊት ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ገድሏል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ከተማችን ውስጥ ጎርፍ እንደገና ሕይወት አጥፍቷል፤ በበልግ ማለት ነው። ክረምት ካልገባ አያሰጋም የሚል አዘጋጅ ካጋጠመሽ ይህንኑ አስታውሺው።

ስለዚህ የአካባቢ ጋዜጠኛ ሥራ የሚጀምረው በደረቁ ወራት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ስልክሽ ውስጥ የማን ማን ቁጥር አለ? የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያው፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ኃላፊው፣ የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበሮች፤ ይህን ሁሉም ይመዘግባል። እኔ ግን በደንገጎ ዳገት በኩል ወደ ሐረር የሚመላለሱትን ሾፌሮችና ከላይ ያሉትን ገበሬዎችም እንድትመዘግቢ እፈልጋለሁ። ደጋው ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ከማንም በፊት የሚያዩት እነርሱ ናቸው። አንዱ ሲደውልልሽ ለሁለተኛው ደውይ፤ ሁለቱ ከተስማሙ ኃላፊውን ቀስቅሺው፣ ሌሊት ቢሆንም።

ከዚያ የምታነቢው ጽሑፍ አለ። ብዙ ጊዜ የምንሰማው እንዲህ ያለ ነው፦ «ከፍተኛ የጎርፍ አደጋ ሊከሰት ስለሚችል ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ የሚመለከታቸው አካላት አሳሰቡ።» ይህን የሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ጎኑን ቀይሮ ይተኛል። እስቲ በዚህ ተኪው፦ «ዛሬ ማክሰኞ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። ከደንገጎ በላይ ከባድ ዝናብ እየጣለ ነው። በደቻቱ ዳር ያላችሁ አሁኑኑ ተነሡ፤ ልጆችንና አረጋውያንን ይዛችሁ ወደ ከፍታ ውጡ። ዕቃ ለማውጣት አትመለሱ። በእግርም ሆነ በመኪና ወንዙን ለመሻገር አትሞክሩ።» ቀኑንና ሰዓቱን ጽሑፉ ውስጥ ያስገባሁት አውቄ ነው። ድምፁ በቴሌግራም ሲዘዋወር ቆይቶ በማግስቱ የሚሰማው ሰው አለና፤ ያረጀ ማስጠንቀቂያ ሰውን ደኅና ከሆነበት ቦታ ያስነሣዋል። ስለ መኪናውም ምክንያቱን ጨምሪ፦ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል፤ ሰውን ለመጣል ከዚያም በጣም ያነሰ ይበቃል። ምክንያቱን ያወቀ ሾፌር ይቆማል።

ቋንቋ ላይ አታባብይኝ። አማርኛሽ ጥሩ ነው፣ ከጥያቄሽ አይቼዋለሁ። ግን ድሬ ዳዋ ውስጥ ኦሮምኛና ሶማልኛ ሳትችዪ የአደጋ ጋዜጠኛ ልትሆኚ አትችዪም። አንዱን የምትችዪ ከሆነ ሌላውን ዘንድሮ ጀምሪ። ቅኔ መዝረፍ አይጠበቅብሽም፤ «ተነሡ»፣ «ወደ ከፍታ»፣ «ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ» ማለትና መልሱን መረዳት ግን የግድ ነው።

ወሬ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ አውሎ ነፋስና ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት፣ ሕዝብ በተጠለለበት ስታዲየም ውስጥ በርካታ ሰዎች እንደተገደሉ በዓለም ዙሪያ ተወራ። በኋላ አጣርቶ አብዛኛው ውሸት መሆኑን ያጋለጠው የዚያችው ከተማ ጋዜጣ ነበር፤ ሰዎቹን ያውቃቸዋልና። ወሬ ሲነግሩሽ ሐሳብ ጨምሪበት። የሟቾችን ቁጥር ስትናገሪ ማን እንደሰጠሽና በስንት ሰዓት እንደሰጠሽ አብረሽ ተናገሪ። የሟች ስም ከቤተሰቡ በፊት በአየር ላይ አይውልም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይንቀጠቀጣል» የሚል መልእክት ከደረሰሽ አታስተላልፊው። ሰዓቱን ቆርጦ መናገር የሚችል ሳይንስ እስካሁን የለም። በዚያ ላይ የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን ገና ሳትቀጠሪ አንብቢው፤ ኋላ ጠበቃ እስኪያነብልሽ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ኀፍረቱ። ይህ ስሜት ባይኖርሽ ኖሮ ሌላ ሙያ እመክርሽ ነበር። ያደግሽበት ከተማ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ አስተምሮሻል፤ እንደዚያው ግቢ። ማይክሮፎኑ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። እንደየእምነታቸው አጽናኚ፣ ተቀመጪ፣ ዝም በዪ። ከዚያ ሐዘንተኛውን ሳይሆን ጎረቤቱን ወይም አጎቱን ወደ ጎን ብለሽ፣ መናገር የሚፈልግ ሰው እንዳለ ጠይቂ። ከሌለ ተነሥተሽ ውጪ። «ምን ተሰማዎት?» የሚለውን ጥያቄ ለዘለዓለም ተዪው፤ «ማንን እየፈለጋችሁ ነው? ምን ጎደላችሁ?» በዪ። ይህኛው ጥያቄ ሬዲዮ ላይ ሲወጣ ብርድ ልብስ ያስመጣል። ልጆችን ያለ ወላጅ አትቅረጪ።

መብራት ቢጠፋስ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥስ ትዪ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ውስጥ ሱናሚ የኢሺኖማኪን ከተማ ሲመታ የአካባቢው ዕለታዊ ጋዜጣ ማተሚያ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ጋዜጠኞቹ በትላልቅ ወረቀት ላይ በእጃቸው እየጻፉ፣ ሰው በተጠለለባቸው ቦታዎች ግድግዳ ላይ ለስድስት ቀናት ለጠፉ። ውድ ነገር አልነበረም፤ ወረቀት፣ ማርከርና የሚጓዝ እግር። እኛም ዘንድ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አለ። ከአሁኑ ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ተዋወቂ።

ስለ ገንዘቡ። በአካባቢ ጣቢያ የጀማሪ ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ሁለት ዓመት ከወላጆችሽ ጋር መኖር ከቻልሽ ኑሪ። አደጋን የሚያውቅ ጋዜጠኛ ግን ከጣቢያ ውጭም ይፈለጋል፤ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የጤና ቢሮዎችና የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ተቋማት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ይቀጥራሉ፣ ብዙዎቹም የተሻለ ይከፍላሉ። በሦስተኛው ዓመት ወደዚያ ብትሻገሪ ማንም ከዳሽ አይልሽም፤ እናትሽም ደስ ይላቸዋል።

እስከ ምረቃሽ ሦስት የሥራ ናሙና አዘጋጂ። አንዱ ከ1998 ጎርፍ በኋላ ከወንዙ ዳር የተነሡ ቤተሰቦች ዛሬ እንዴት እንደሚኖሩ ይሁን። ሌላው የጎርፍ መከላከያ ግንቡና የቆሻሻው ነገር፦ ግንቡን ዳር ዳሩን በእግርሽ ሄደሽ፣ የተደፈነውን ቦይ ፎቶ አንሥተሽ፣ ኃላፊውን ጠይቀሽ። ሦስተኛው የአንድ ደቂቃ ማስጠንቀቂያ በሦስቱም ቋንቋዎች፣ የማትችዪውን በሚችል ጓደኛ ድምፅ። ማመልከቻሽን ከአንድ ገጽ አታስበልጪ፤ «ለሙያው ካለኝ ልባዊ ፍቅር የተነሣ» የሚለውን ሰርዢና በምትኩ «ቤቴ ከደቻቱ አጠገብ ነው፤ በሌሊት ብትደውሉልኝ በእግሬ እደርሳለሁ» ብለሽ ጀምሪ።