ድኅነት ወይስ ድህነት?

ጥያቄ፦ ስለ ኤፌሶን መልእክት የተዘጋጀ የጥናት ወረቀት «ድህነት በእምነት» የሚል ርእስ ይዞ መጣ። ልጄ አንብባ «ድህነት ስጦታ ነው እንዴ?» አለችኝ። በየትኛው «ህ» ነው የሚጻፈው? ለውጥስ አለው?

መልስ፦ አለው። ልጅዎ ያነበበችው የተጻፈውን ነው። ወረቀቱ የሚለው ማጣት፣ መቸገር ነው። ምዕራፍ 2 ቁጥር 8 ደግሞ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ይልና «ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው» ብሎ ይቀጥላል። ስለዚህ መሆን የነበረበት «ድኅነት» ነው፤ በብዙኃኑ ኅ።

ሥሩ ግእዙ «ድኅነ» ነው። አማርኛ ኅን ውጦ «ዳነ» አለ፤ «ጸሐፈ»ን «ጻፈ» እንዳለው ሁሉ። ፊደሏ ግን ከቤተሰቡ አልጠፋችም። መድኃኒት ላይ አለች፣ መድኃኔ ዓለም ላይም አለች። ኢንሹራንስን «መድን» የምንለው እንኳ ከዚሁ ግንድ ነው። መልእክቱ በተጻፈበት በግሪክኛም «ሶዞ» የሚለው ግስ ነፍስንም በሽተኛንም ያድናል።

«ድህነት» ግን የ«ድኻ» ልጅ ነው፤ ዝምድና የላቸውም። ትግርኛ «ድኽነት» እና «ድሕነት» ብሎ በፊደልም በድምፅም ይለያቸዋል።

«ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ፣ ዐውዱ ይለየዋል» የሚሉ አሉ። ለልጅዎ መች ለየላት? እኛ ስንናገር የምንለየው በ«ነ» ነው፤ ማጣት ሲሆን ይጠብቃል፣ መዳን ሲሆን ይላላል። ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅን አያሳይም። ወረቀት ላይ የቀረችን መለያ ኅ ብቻ ናት። እሷንም ጣሉ ይሉናል!

ሳልወድ የማምነው ነገር አለ። ዛሬ በስልክ የሚጽፈው ሁሉ ለሁለቱም ያቺኑ «ህ» ይጫናል፤ ጥሩ የሚባሉ አሳታሚዎችም እንደዚያው። የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን እዚሁ መልእክት ላይ «የመዳናችሁን ወንጌል» ብሎ በ«መዳን» አልፎታል። ተርጓሚዎቹ ልክ ናቸው። ለእኔ ጆሮ ግን «መዳን» ከጉንፋን የተነሣ ሰው ይመስለኛል። ግሱ አንድ መሆኑን አሁን ራሴ ጽፌ እንኳ ጆሮዬ እሺ አላለኝም።

ወረቀቱ ገና ካልተባዛ «መዳን በእምነት» ቢሉት ማንም አይሳሳትም። እኔ ብሆን ግን ኅን ፈልጌ አስገብቼ «ድኅነት» እላለሁ።