እንቁራሪት በጓሮ ኩሬ፦ ጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ጓሮዬ ውስጥ ኩሬ ከቆፈርኩ ስምንት ክረምት አለፈ። ስለ እንቁራሪት የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ።

ጋሼ፣ ኩሬዬን ጨርሻለሁ። ከበሬሳ ወንዝ አምስት ስድስት እንቁራሪት ይዤ ብለቅበትስ? (ከደብረ ብርሃን)

ተው ልጄ። እኔም በመጀመሪያው ክረምት በባልዲ አምጥቼ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ አንዷም አልቀረችም። ያደገች እንቁራሪት የለመደችውን ውኃ ፍለጋ ትሄዳለች። መንገድ ላይ ፀሐይ ያደርቃታል፣ ወይ መኪና ይጨፈልቃታል። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚህ የሚብሰው በሽታው ነው። የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃ ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ። እንቁራሪት ውኃ የምትጠጣው በቆዳዋ ነው፤ ትንፋሿም በከፊል በቆዳዋ ነው። ቆዳዋ ሲታመም በደሟ ያለው ጨው ይዛባል፣ በመጨረሻ ልቧ ይቆማል። ፈንገሱ በብዙ አገር ዝርያ አጥፍቷል፤ እኛም አገር ተገኝቷል። ጤነኛ የምትመስል እንቁራሪት ተሸክማው ልትመጣ ትችላለች። ከእኛ እንቁራሪቶች ደግሞ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሉም። ለጓሮ ውበት ተብሎ እዚህ ውስጥ አይገባም።

እንቁላሉን ብቻ ባመጣስ? (ከመሐል ሜዳ)

ውኃውና ጭቃው አብሮ ይመጣል። ፈንገሱ የሚጓዘው በውኃ ነው፤ ስለዚህ ያው ነው።

ታዲያ ካላመጣናቸው በምን ይመጣሉ? (ከአንኮበር)

በእግራቸው! ክረምቱ ሲገባ ማታ ማታ ውኃ ፍለጋ ይወጣሉ። የእኛ ሥራ ቦታውን ማመቻቸት ነው። የኩሬው አንድ ጎን እንደ ቁልቁለት ቀስ ብሎ ይውረድ። ጂኦሜምብሬን ያነጠፋችሁ በተለይ ይህን አትርሱ፤ ፕላስቲኩ ያሙለጨልጫል፣ የገባ እንስሳ መውጫ ያጣል። ድንጋይ ደርድሩበት። ልጅ ላለው ቤት ደግሞ አጥር ግዴታ ነው።

ዳሩ ላይ ቄጠማ ወይም ፊላ ትከሉ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እስኪወጣ አንድ ሁለት ቀን ይቀመጥ። የዝናብ ውኃ ግን የሚወዳደረው የለም። አረም ማጥፊያና ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ የሚወርድ ውኃ ወደ ኩሬው እንዳይፈስ ቦይ ቀይሩ። ከዚያ መጠበቅ ነው። የእኔው ሁለት ክረምት ፈጀ።

ዓሣ አብሬ ላርባ? (ከደብረ ሲና)

አንዱን ምረጪ እህቴ። ዓሣ እንቁላሉንም ጅራታሙን ጫጩትም ይበላል።

ወባን ይቀንሱልናል? (ከሸዋ ሮቢት)

በዚህ አትተማመኑ። ያደጉት አልፎ አልፎ ትንኝ ይበላሉ፤ ጫጩቶቹ ግን በአብዛኛው አልጌ ነው የሚግጡት። እናንተ ቆላ ናችሁ፣ ወባ አለባችሁ። ቤት አጠገብ ውኃ ከማቆር በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አማክሩ። እኔ ብሆን አልቆፍርም።

የጥቅምት ውርጭ አይገድላቸውም? (ከደብረ ብርሃን)

የደጋ እንቁራሪት ብርዱን ታውቀዋለች። ጭቃ ውስጥ ወይም ድንጋይ ሥር ትገባለች። የድሮውን የድንጋይ ካብ አታፍርሱት። ለእኛ አጥር ነው፣ ለእሷ ቤት።

ከውኃ የማትወጣ፣ ጠፍጣፋ፣ የኋላ እግሯ ላይ ጥቁር ጥፍር ያላት አየሁ። ምንድን ናት? (ከጫጫ)

ታድለሃል! ባለጥፍሯ እንቁራሪት ናት። ምላስ የላትም፤ ምግቧን በፊት እጆቿ ወደ አፏ ትገፋለች። የደፈረሰ ውኃ አያስጨንቃትም። የሌሎቹን ጫጩቶች ትበላለች፣ ግን አታውጣት። ራሷ መርጣ ነው የመጣችው።

ጎረቤቴ ኪንታሮት ታመጣለች ብላ ልትገድልብኝ ነው። (ከደብረ ብርሃን)

የቆዳ ኪንታሮት የሚመጣው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አንድ ማታ ቡና አፍልተሽ ጥሪያትና አብራችሁ ድምፃቸውን ስሙ። የሚጮኹት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴት እየጠሩ ነው።

ጋሼ፣ ትናንት ማታ አንድ መጣች! ምን ላብላት? (ከአንኮበር)

እንኳን ደስ አለሽ! ምንም አትስጫት። ነፍሳቱን ራሷ ታድናለች። በእጅሽም አትያዣት፤ ሳሙናና ቅባት በቆዳዋ ይገባል። ዛሬ ማታ የጓሮውን መብራት አጥፊና ራቅ ብለሽ ተቀመጪ።