መልስ፦ «ሳሊሬ» እና «ሳሊር» ሁለቱም «ወጣ» ናቸው?

የጣልያንኛው ሳሊሬና የስፓኒሹ ሳሊር መዝገበ ቃላት ላይ ሁለቱም «መውጣት» ስለተባሉ አንድ ናቸው ወይ ብለህ ለጠየቅከው፦ አይደሉም። ያደናገረህ የኛው «ወጣ» ነው፤ ሰው ተራራም ይወጣል፣ ከቤትም ይወጣል። ሳሊሬ ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ሳሊር ከውስጥ ወደ ውጭ።

ምንጫቸው የላቲኑ ሳሊሬ ሲሆን ትርጉሙ «መዝለል» ነበር። ይህን ትርጉም እስከ ዛሬ የያዘው የሮማኒያኛው ግስ «ሰሪ» ነው፤ ደስ የሚል ነገር ነው። የፖርቱጋልኛው ሳኢር ከስፓኒሹ ጋር ይሄዳል። በፈረንሳይኛ ግን ለውጭው ሶርቲር፣ ለላይኛው ሞንቴ በል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሳልጎ» ላይ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ «እወጣለሁ» ማለት ነው፣ አቅጣጫው ግን ይለያያል። ሮም ውስጥ ከቤት ስትወጣ «ኤስኮ» በል (ግሱ ኡሺሬ ነው)፤ ማድሪድ ውስጥ ደረጃ ስትወጣ «ሱቦ» (ከሱቢር)። ሱቢርን ደግሞ ወደ ጣልያንኛ ይዘኸው እንዳትሄድ፤ እዚያ ሱቢሬ ጉዳት ወይም በደል ሲደርስብህ የሚባል ነው።

ለኃላፊ ጊዜ ጣልያንኛው «ሶኖ ሳሊቶ» ነው፣ ለሴት «ሶኖ ሳሊታ»። የወጣኸውን ነገር በተሳቢነት ከጠራህ ግን ረዳት ግሱ ከ«ሶኖ» ወደ «ኦ» ይለወጣል፦ «ኦ ሳሊቶ ሌ ስካሌ»፣ ደረጃውን ወጣሁ። ስፓኒሹ ለወንድም ለሴትም «ኤ ሳሊዶ» ነው።