ሃርድዊክ ሆል ላይ መስኮት ለምን በዛ?

«ያን ሁሉ መስኮት ምን አመጣው?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ነገሩ ሀብት ማሳየት ነው። ያኔ መስታወት እጅግ ውድ ነበር። እንግሊዝ አገር፣ ደርቢሻየር በተባለ አውራጃ ያለውን ይህን ትልቅ ቤት በ1590ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሠራችው ቤስ የምትባል ባለጸጋ እመቤት ናት፤ ንድፉ የሮበርት ስሚዝሰን እንደሆነ ይታመናል። የጭስ ማውጫዎቹን በውስጠኛው ግድግዳ ስላሳለፏቸው የውጩ ግድግዳ ለመስታወት ተለቀቀ። ደግሞ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር መስኮቶቹ ይረዝማሉ፣ ምክንያቱም ዋናዎቹ የክብር አዳራሾች ያሉት ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። አንዳንዶቹ ግን የውሸት ናቸው፤ ከኋላቸው ግንብ ነው! እኔን የሚያስቀኝ ግን ማማዎቹ አናት ላይ የስሟን መነሻ ፊደላት በድንጋይ አስቀርጻ መትከሏ ነው። ከሩቅ ያየ ሁሉ የማን ቤት እንደሆነ እንዲያውቅ ነዋ። በበረዶ ወራት ብርዱን ደግሞ አስበው!